የተረሳችው መስመር፦ ሰርቨር ከታደሰ በኋላ የፋይል ዝውውር የተጎተተበት ቢሮ

ዳራ

ቢሮው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ የሕንፃ ዲዛይን ድርጅት ነው። 23 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም በዊንዶውስ ይሠራሉ። የዲዛይን ፋይሎቹ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ሠራተኛው ሁሉ ከዚያ እየከፈተ፣ መልሶም እዚያው እያስቀመጠ ይሠራል። አንድ የፕሮጀክት ፋይል ከ200 እስከ 800 ሜጋባይት ይደርሳል።

ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም አለው። ሲስተሙ በአንድ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ፋይሎቹ ደግሞ በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) በተጣመሩ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ላይ። የኔትወርክ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የመጣ ባለ 1 ጊጋቢት ሲሆን በሊኑክስ ላይ ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር (ካርዱን በሚያሠራው ፕሮግራም) ይሠራል። ከዚያ አንድ ኬብል ወደ ባለ 24 ፖርት ጊጋቢት ስዊች ይሄዳል። ፋይል ማጋሪያው ሳምባ ነው።

ሲስተሙ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ እትም 16.04 ነበር። የዚህ እትም መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ስላበቃ ወደ 24.04 ለመሸጋገር ተወሰነ። ከእትም ወደ እትም እየተረማመዱ ከማሻሻል ይልቅ አዲስ ኤስኤስዲ ተገዝቶ 24.04 ከዜሮ ተጫነበት፤ አሮጌው ኤስኤስዲ ሳይነካ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የፋይል ዲስኮቹ እንዳሉ ተሰኩ። የሳምባ ማዋቀሪያው ከነፎልደር ስሞቹና ከነፈቃዶቹ ተገለበጠ። ከአሮጌው የኔትወርክ ማዋቀሪያ ግን የተወሰዱት የአይፒ አድራሻው፣ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ ብቻ ነበሩ። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ ማታ ተጠናቀቀ። በመሃል መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ አንድ ጊዜ በድንገት ተዘግቷል።

ችግሩ

ሰኞ ጠዋት ቅሬታ መጣ። ቀድሞ በ6 ሰከንድ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጥ የነበረ የ600 ሜጋባይት ፋይል 50 ሰከንድ ያህል ይወስድ ጀመር። ከዲዛይነሮቹ አንዷ ነገሩን እንዲህ ብላ ነበር የገለጸችው፦ «ለማስቀመጥ ምንም አይልም፣ እንደ ድሮው ነው። ለመክፈት ግን ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ።» የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነበር፦ «የእኔ ፋይል ትንሽ ነው፣ ግን እየሠራሁ ሳለ ዝም ብሎ ስታክ ያደርግና ከቆይታ በኋላ ይለቃል።»

የምርመራው ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ችግሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳለ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ሲቀበል ደህና ነው፣ ሲልክ ይታመማል። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ሰው ትልቅ ፋይል የሌላውን ሰው ትንሽ ሥራ እንደሚያቆም ያሳያል። በሥራ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ግን «ኔትወርክ ስሎው ሆኗል» የሚል ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ፍንጮች በማጠቃለያው ውስጥ ጠፉ። በዚህ ሁለት የሥራ ቀን ባከነ።

ያልሠሩት ሙከራዎች

በመጀመሪያ የተጠረጠረው ዲስኩ ነው፤ ምክንያትም ነበር። እሑድ መብራት ሲጠፋ ሬይዱ በወጉ ስላልተዘጋ ሁለቱን ዲስኮች እንደገና የማመሳሰል ሥራ ጀምሮ ነበር። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ሲመሳሰል ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሥራው ሰኞ ረፋድ ላይ አለቀ፤ ፍጥነቱ ግን አልተለወጠም።

ቀጥሎ ኬብሉ ተጠረጠረ፤ ይህ ጥርጣሬ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነው። 600 ሜጋባይት በ50 ሰከንድ ማለት በሰከንድ 12 ሜጋባይት ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ሊንኩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል» ይላል፤ የ100 ሜጋቢት ሊንክ ጣሪያ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በተግባርም ከ11 እስከ 12 ነውና። ጊጋቢት የኬብሉን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይጠቀማል፤ ከአራቱ አንዱ ከተበጠሰ ካርዱና ስዊቹ በሁለቱ ጥንዶች ብቻ ወደሚሠራው 100 ሜጋቢት ሊወርዱ ይችላሉ። ሰርቨሩ ለሥራው ከቦታው ስለተነሳ ኬብሉ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። በዚያ ላይ ከስዊቹ ፊት የቆመው ባለሙያ የሰርቨሩ ፖርት አረንጓዴ መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲበራ በዓይኑ አየ።

ኬብሉ ተቀየረ። ከዚያ ፖርቱ ተቀየረ። ለውጥ የለም። የካርዱን ሁኔታ በሚያሳየውና በሚለውጠው ኢዝቱል በሚባል ትእዛዝ ሲታይም ሊንኩ 1000 ሜጋቢት፣ ሙሉ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ) ነው። ይህችን ትእዛዝ ኬብል ከመቀየር በፊት ማስኬድ 10 ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ጉዳት አመጣ። በድሮ መመሪያዎች ላይ ሁሉ የሚገኘው የሳምባ «ሶኬት ኦፕሽንስ» መስመር የመላኪያና የመቀበያ በፈሮቹ (የዳታ ጊዜያዊ ማቆያዎቹ) 8192 ባይት ተደርጎ ተጨመረ። ለውጡ ስላልታየ ማንም መልሶ አላጠፋውም። ዛሬ ባለው ሊኑክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የእነዚህን በፈሮች መጠን እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሱ ያሳድጋል፣ ይቀንሳልም፤ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ሲያገኝ ግን ማስተካከሉን ይተዋል። ይህ መስመር በኋላ መፍትሔው ከተገኘ በኋላ እንኳ ውጤቱን ሸፍኖታል፤ ከታች ይመጣል።

አማካዩ የደበቀው

ረቡዕ ጠዋት ነገሩ ከሥሩ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ዲስኩን ከኔትወርኩ መለየት። አንድ ትልቅ ፋይል እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተነብቦ ወደ ባዶ መሣሪያ ተላከ፤ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ሰጠ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ያንኑ ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ካነበቡት ከራም ካሽ (ራም ውስጥ ከቀረው ጊዜያዊ ቅጂ) ይመጣና በሰከንድ ጊጋባይቶች ያሳያል፤ እሱ የዲስክ ፍጥነት አይደለም። ወይ ካሹን ማራገፍ፣ ወይ ከራሙ የሚበልጥ ፋይል መጠቀም ይገባል። ዲስኩ ከጊጋቢት ሊንክ በላይ ስለሚሰጥ ከተጠርጣሪነት ወጣ።

ከዚያ አይፐርፍ3 በሰርቨሩና በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። ይህ መሣሪያ ዲስክንም ሳምባንም ሳይነካ የኔትወርኩን አቅም ብቻ ይለካል፤ በፖርት 5201 ይሠራል፣ ፋየርዎል ካለ ለጊዜው መክፈት ግድ ነው። ከኮምፒውተር ወደ ሰርቨር 940 ሜጋቢት በሰከንድ ተገኘ፤ ለጊጋቢት ሊንክ ይህ ሙሉ ጤና ነው። ቀጥሎ አቅጣጫው ተገለበጠና ሰርቨሩ እንዲልክ ተደረገ። አይፐርፍ3 በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጽፋል፤ በስክሪኑ ላይ የታየውም 930፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ 935፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነበር።

ጉዳዩ በዚህ ተገለጠ። ሊንኩ ቀርፋፋ አልነበረም፤ ለ1 ሰከንድ በሙሉ ፍጥነት ይሮጥና ለ8 ወይም ለ9 ሰከንድ ጭራሽ ይቆማል። አማካዩ ሲወሰድ ከ100 ሜጋቢት ሊንክ ጋር የሚመሳሰል ቁጥር የወጣው በአጋጣሚ ነው። የዊንዶውስ የኮፒ መስኮት ላይ «ተጨማሪ ዝርዝር» ተብሎ ግራፉ ቢከፈት ኖሮ ሰኞ ዕለት ይታይ ነበር። ወደ 100 ሜጋቢት የወረደ ሊንክ 11 ላይ የተዘረጋ ጠፍጣፋ መስመር ይስላል፤ ይሄኛው የመጋዝ ጥርስ ነበር።

ምክንያቱ

የከርነሉ መዝገብ ኮፒ እየተደረገ ሳለ ተከፈተ። የመጋዙ ጥርስ በወደቀ ቁጥር «ዲቴክትድ ሃርድዌር ዩኒት ሃንግ» የሚል መልእክት ከኢ1000ኢ ድራይቨር ይመጣል፤ በ2 ሰከንድ ልዩነት ጥቂት ጊዜ ይደጋገምና ድራይቨሩ ካርዱን ሪሴት ያደርጋል፤ ከዚያ ሊንኩ በ1000 ሜጋቢት ተነሳ ይላል። በመልእክቱ ውስጥ የመላኪያው ወረፋ ራስና ጅራት ቁጥሮች ይታያሉ። ጅራቱ ወደፊት ሄዷል፣ ራሱ ግን በቦታው ቆሟል፤ ማለትም ካርዱ የሚልከው ተደርድሮለት ሳለ አንድም አያነሳም። በስዊቹ ላይ መብራቱ የጠፋው በዚህ ሪሴት ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ስክሪን የቆመውም እንዲሁ፤ ካርዱ ሪሴት ሲደረግ የ23ቱም ኮምፒውተሮች ግንኙነት አብሮ ይቋረጣል።

ድራይቨሩ በዚህ ካርድ ላይ ቲኤስኦ ከሚባለው አሠራር ጋር ሲጋጭ ይህ እንደሚደርስ በሊኑክስ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። ቲኤስኦ ማለት ከርነሉ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ዳታ በአንድ ጊዜ ለካርዱ አስረክቦ፣ ወደ 1460 ባይት ፓኬቶች የመቆራረጡን ሥራ ለካርዱ የሚተውበት መንገድ ነው። ዓላማው ፕሮሰሰሩን ማሳረፍ ነው። የሚነካውም ሰርቨሩ ብዙ ዳታ ሲልክ ብቻ ነው፤ ፋይል ሲቀበል ሰርቨሩ የሚመልሰው ትንንሽ ማረጋገጫዎችን ስለሆነ የሚቆራረጥ የለም። «ለማስቀመጥ ምንም አይልም» የተባለው ለዚህ ነው።

ቀሪው ጥያቄ በአሮጌው ሲስተም ለምን አልታየም የሚለው ነበር። መሳቢያ ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ለንባብ ብቻ ተሰክቶ የአሮጌው ኔትወርክ ማዋቀሪያ ተከፈተ። ከአይፒ አድራሻው በታች፣ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ካርዱ ሲነሳ ኢዝቱል ቲኤስኦንና የሶፍትዌር አቻውን ጂኤስኦን እንዲያጠፋ የሚያዝ አንድ ትእዛዝ ተጽፎ ነበር። ለምን እንደተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻ የለውም። ሰርቨሩን መጀመሪያ የተከለው ባለሙያ ስልክ ሲደወልለት «እሷ ከሌለች እኮ ካርዱ ስታክ ያደርጋል ወንድሜ፣ አልነገሩህም እንዴ?» አለ። የሚነግር ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ጥገናውን የያዘው ሦስተኛው ቡድን ነው።

አዲሱ ኡቡንቱ ኔትወርኩን የሚያዋቅረው ኔትፕላን በሚባል መሣሪያ ነው፤ ያንን አሮጌ ፋይል ጭራሹን አያነበውም። ስለዚህ የሲስተሙ መታደስ አዲስ ችግር አላመጣም። ከዓመታት በፊት የተፈታውን ችግር መፍትሔውን ጥሎ መልሶ አመጣው።

መፍትሔውና በመፍትሔው ላይ የደረሰው

ቲኤስኦ በኢዝቱል ወዲያው ጠፋ። ይህ ሪስታርት አይፈልግም፣ ካልሠራም በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። አይፐርፍ3 በሁለቱም አቅጣጫ ለ10 ደቂቃ ተለቀቀ፤ 940 ላይ ጸና፣ በከርነሉ መዝገብም አንድ የሃንግ መልእክት አልመጣም። የድሮው መስመር ጂኤስኦንም ያጠፋ ነበር፤ እዚህ ግን እንዳለ ተተወ። ጂኤስኦ መቆራረጡን ዳታው ካርዱ ጋር ሳይደርስ በሶፍትዌር የሚሠራ ስለሆነ ካርዱን አያስቸግርም፣ ለፕሮሰሰሩ ደግሞ ያግዛል።

በኢዝቱል የተደረገው ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። ቋሚ ለማድረግ በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የኔትወርክ ማውጫ ውስጥ አንድ ሊንክ ፋይል (የካርድ ማዋቀሪያ ፋይል) ተጻፈ፤ ካርዱን በማክ አድራሻው (በፋብሪካ መለያ ቁጥሩ) ይለያል፣ ቲኤስኦን አጥፋ ይላል። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ሰርቨሩ ሪስታርት ተደረገ፤ ኔትወርክ ላይ አልተመለሰም። ሞኒተርና ኪቦርድ ተሸክሞ መሄድ ግድ ሆነ።

የሆነው ይህ ነው። ለአንድ ካርድ ሲስተምዲ የሚሠራበት በስም ቅደም ተከተል መጀመሪያ የተስማማውን አንድ ሊንክ ፋይል ብቻ ነው፤ የቀሩትን አያያቸውም። ለካርዱ «ኢኤንኦ1» የሚለውን ስም የሚሰጠው መመሪያ በ99 በሚጀምረው ነባር ፋይል ውስጥ ነበር። በ10 የሚጀምረው አዲሱ ፋይል ሲቀድመው የስም መመሪያው ቀረ፣ ካርዱም «ኢቲኤች0» ተብሎ ተነሳ። ኔትፕላን የሚፈልገው ኢኤንኦ1ን ስለሆነ አይፒ አድራሻ የሚሰጠው አካል አላገኘም። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የስም መመሪያውን መስመር ከነባሩ ፋይል ገልብጦ በአዲሱ ውስጥ መጨመር። በተጨማሪም ሊንክ ፋይሎች ሲስተሙ ገና ሲነሳ በሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥም ስለሚገለበጡ እሱን ማደስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አሮጌው ቅጂ ሊሠራ ይችላል። ከሁለተኛው ሪስታርት በኋላ ኢኤንኦ1 ተመለሰ፣ ቲኤስኦም ጠፍቶ ተገኘ።

ሐሙስ ጠዋት የ600 ሜጋባይቱ ፋይል በ15 ሰከንድ ወረደ። ከ50 ይሻላል፤ ግን 6 አይደለም። አይፐርፍ3 940 እያሳየ ፋይሉ በሰከንድ 40 ሜጋባይት ብቻ መውረዱ ቀሪው ችግር ከሊንኩ በላይ፣ ሳምባ ላይ እንዳለ ይናገራል። ማክሰኞ የተጨመረው የሶኬት ኦፕሽንስ መስመር ያኔ ታወሰ። በፈሩ 8192 ባይት ሲሆን ሰርቨሩ ጥቂት ልኮ ማረጋገጫ ይጠብቃል፣ እንደገና ጥቂት ይልካል። በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ላን ላይ መዘግየቱ ከሚሊሰከንድ ክፋይ ስለማይበልጥ 40 ሜጋባይት ይገኛል፤ መዘግየቱ 20 ሚሊሰከንድ በሆነ የቅርንጫፍ ቢሮ መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ኪሎባይቶች ይወርድ ነበር። መስመሩ ተሰርዞ ሳምባ ሪስታርት ሲደረግ 110 ሜጋባይት በሰከንድ ተገኘ።

የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን ወደ ፎልደር መላክ ማቆሙም በዚሁ ሳምንት ተስተውሏል። ከሳምባ 4.11 ጀምሮ ኤስኤምቢ1 (አሮጌው የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል) በነባሪ ዝግ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ሌላ አያውቅም። ለአንድ ማሽን ሲባል ኤስኤምቢ1ን ለሰርቨሩ ሁሉ መክፈት ስህተት ነው፤ ስካኑ ኤፍቲፒ በሚባል ሌላ የፋይል መላኪያ መንገድ ወደ ተለየ ፎልደር እንዲገባ ተደረገ።

ለሌላ ቢሮ የሚያገለግለው

ሠራተኛ ሲያማርር «ስሎው ነው» ብሎ ከመመዝገብ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ሲከፈት ነው ወይስ ሲቀመጥ? በትልቅ ፋይል ነው ወይስ በብዙ ትንንሽ ፋይሎች? ሲጎተት ሌሎቹም አብረው ይቆማሉ? የዚህ ቢሮ ሠራተኞች ሁለቱን ሳይጠየቁ መልሰው ነበር።

መለኪያው በሁለቱም አቅጣጫ፣ በየሰከንዱ መታየት አለበት። ጠፍጣፋ ዝቅ ያለ መስመር ወደ ሊንክ ፍጥነት፣ ወደ በፈር ወይም ወደ ዲስክ ይመራል። እየተነሳ የሚወድቅ መስመር ወደ ካርድ፣ ወደ ድራይቨርና ወደ ፓኬት መጥፋት ይመራል፤ የከርነሉን መዝገብ ያኔውኑ መክፈት ነው። በተቃራኒው ማስቀመጥ ብቻ ከተጎተተና አሮጌው ሳምባ ከ4.7 በፊት ከነበረ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፦ በ4.7 «ስትሪክት ሲንክ» በነባሪ እንዲሠራ ተደርጓል፤ ፕሮግራሙ ዲስክ ላይ ጻፍልኝ ባለ ቁጥር ሳምባ በእርግጥ እስኪጻፍ ይጠብቃል። ሜካኒካል ዲስክ ላይ ይህ በደንብ ይሰማል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ፣ አስተማማኝ ዩፒኤስ ሳይኖር እሱን ማጥፋት ግን ፋይልን ለጉዳት አሳልፎ መስጠት ነው፤ ለፍጥነት ሲባል መደረግ የለበትም።

ያልሠራ ሙከራ ወዲያው ይመለስ። በሶኬት ኦፕሽንስ መስመሩ የተነሳ ትክክለኛው መፍትሔ ከተደረገ በኋላም ችግሩ ግማሽ በግማሽ ያልተፈታ መስሎ ነበር፤ ሌላ ባለሙያ ቢሆን ቲኤስኦን መልሶ ሊከፍተው ይችል ነበር።

ከዜሮ መጫን ጥሩ ነው፤ ግን ከአሮጌው ሲስተም የሚወሰደው አይፒ አድራሻ ብቻ መሆን የለበትም። ከመነቀሉ በፊት ኢዝቱል ስለ ካርዱ የሚያሳየው ሁሉ፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ የኦፍሎድ ዝርዝሩ (እንደ ቲኤስኦ ለካርዱ የተተዉ ሥራዎች) እና የወረፋው መጠን፣ በጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን)፣ በእጅ የተለወጡ የከርነል ቁጥሮች፣ ሲነሳ እንዲሠሩ የተጻፉ ትእዛዞችና ሙሉው የማዋቀሪያ ማውጫ አብረው ይቀመጡ። የአይፐርፍ3 ልኬትም በሁለቱ አቅጣጫ ከመታደሱ በፊት ይወሰድ፤ ያለ እሱ «ድሮ ስንት ነበር?» የሚለውን ከሠራተኛ ትዝታ መገመት ነው። አሮጌው ዲስክ ቢያንስ ሦስት ወር አይደምሰስ።

በአዲሱ ሊንክ ፋይል አናት ላይ አሁን አራት መስመር ማስታወሻ አለ፦ ቲኤስኦ ለምን እንደጠፋ፣ ምልክቱ ምን እንደነበረ፣ የስም መመሪያው ከታች ለምን እንደተጨመረና የተጻፈበት ቀን። ያው ጽሑፍ ታትሞ በሰርቨሩ ክዳን የውስጥ ገጽ ላይ ተለጥፏል።